«ሁለት ሰው ነን» ብላችሁ ሴፕቲኩን አታሳንሱ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ትንንሽ ቤቶች አሠራር የምታወጡትን አነባለሁ። ስለ መስኮቱ፣ ስለ ደረጃው፣ ስለ ቁም ሳጥኑ ሳይቀር ብዙ ትላላችሁ። ስለ ፍሳሹ ግን አንድ መስመር እንኳ አላየሁም። ቤቱ ትንሽ ከሆነ ሴፕቲኩም፣ ማለትም የቤቱ ፍሳሽ የሚገባበት የመሬት ውስጥ ታንክ፣ ትንሽ ይበቃዋል የሚል ነገር አለ። እኔም አምኜው ተቃጥያለሁ።

እኔና ባለቤቴ ብቻ ነን። የሠራልን ሰው ቁጭ ብሎ አሰላልን፦ አንድ ሰው በቀን 120 ሊትር ቢያፈስ ሁለታችሁ 240፣ ፍሳሹ ታንኩ ውስጥ ሁለት ቀን ቢቆይ 480፣ ስለዚህ 1,000 ሊትር ይተርፋችኋል። ማባዛቱ ልክ ነው። ግን ፍሳሽ ቀኑን ሙሉ እየተንጠባጠበ አይመጣም። ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ውኃውን ሲደፋ ሌላው ሻወር ውስጥ ከሆነ ሁሉም በአንዴ ይገባና ታች የተኛውን ዝቃጭ ያናውጠዋል፤ በዚያ ላይ ዝቃጩና ላይ የሚንሳፈፈው ቅባት ከዓመት ዓመት ቦታ እየያዙ ስለሚሄዱ 1,000 ሊትሩ 1,000 ሆኖ አይቆይም። ከዚያ ዝቃጩ ከውኃው ጋር ወጥቶ ማስረጊያውን፣ ማለትም ከታንኩ የሚወጣው ውኃ ወደ አፈር የሚሰርግበትን ቦታ፣ ይደፍነዋል። ታንክ ሲሞላ መጣጭ መኪና ይጠራል፤ የተደፈነ ማስረጊያ ግን ብዙ ጊዜ መፍትሔው አዲስ መቆፈር ነው። ቆፈርን።

የሌላ አገር መመሪያ ማየት የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው (ቀድሜ ባየሁት ኖሮ!)። እንግሊዝ ውስጥ እስከ 4 ሰው ለሚኖርበት ቤት ትንሹ ታንክ 2,700 ሊትር ነው። ከዚያ በላይ ለሚጨመር ለያንዳንዱ ሰው 180 ሊትር ይታከላል። አንድ ሰውም ሁኑ አራት መነሻው ያው ነው ማለት ነው። አሜሪካ ደግሞ ብዙ ቦታ የሚቆጠረው መኝታ ክፍል ነው እንጂ ሰው አይደለም። መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ለካ ሰው ይወልዳል፣ ዘመድ መጥቶ ይከርማል፣ ቤቱም ይሸጣል።

«ታንኩ ከተለቀ ባክቴሪያው ምግብ ያጣል» የሚሉም አሉ። በሞተር አየር የሚነፋባቸው ማጣሪያዎች ላይ ጭንቀቱ ቦታ ሊኖረው ይችላል። ተራ ሴፕቲክ ግን ቢሰፋ ፍሳሹ ረጋ ብሎ ይቆያል፣ ዝቃጩ በደንብ ይዘቅጣል፣ የማስመጠጫውም ጊዜ ይርቃል። ትርፉ ወጪ የግንባታው ብቻ ነው።

ማስረጊያውን በሰው ቁጥር ብቻ መለካትም ያስቃል። አሸዋማ መሬት ውኃውን ቶሎ ይውጠዋል፤ ዋልካ ላይ ግን የሁለት ሰው ፍሳሽ እንኳ ተኝቶ ይቀራል። ማስረጊያው በሚደርስበት ጥልቀት ትንሽ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውኃ ሙሉበትና ይደር፤ በማግስቱ እንደገና ሞልታችሁ ውኃው አንድ ሴንቲ ሜትር ለመውረድ ስንት ደቂቃ እንደፈጀበት ያዙ። ዝናብ በጠገበ መሬት ላይ ብትሞክሩት ደግሞ እውነቱን ያወጣዋል። እኛ ዘንድ ይህን የሞከረ ሰው አልነበረም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። የሽንት ቤቱ ውኃ ሳይዘጋ ሲያፈስ ካደረ በቀን በመቶዎች የሚቆጠር ሊትር ወደ ታንኩ ሊገባ ይችላል። ያኔ ሁለት ሰው መሆናችሁን ታንኩ አያውቅም። የጣሪያ ውኃም እዚያ ውስጥ ምንም ሥራ የለውም፣ ለብቻው ይውጣ።

የቤት ፕላን ስታወጡ እባካችሁ ሴፕቲኩና ማስረጊያው የሚያርፉበትን ቦታም አብራችሁ አሳዩን።

አንባቢያችሁ