ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ ነጠላዬ ጫፍ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣ ባሕር ዳር።

ከሁሉ አስቀድሜ ለአንቺ፣ ለባለቤትሽና ለሁለቱ ልጆችሽ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ከጉልበቴ ሕመም በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ይህን የምጽፍልሽ በፋሲካ ማግስት እዚህ ደምበጫ ቤታችን ውስጥ ስለሆነው ነገር ነው። ትንሹ ልጅሽ እያለቀሰ ሲመጣ በነጠላሽ ጫፍ ዓይኑንና አፍንጫውን ልትጠርጊለት ስትይ፣ አማቶችሽ ባሉበት እጅሽን ይዤ ስከለክልሽ ፊትሽ ሲለወጥ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ በስልክ ላስረዳሽ ሞክሬ ነበር፤ ነገሩ ግን ከአያትሽ ዘመን የሚጀምር ስለሆነ በስልክ የሚያልቅ አልሆነም።

አያትሽን እማሆይን የምታስታውሺያቸው ዓይናቸውን በመዳፋቸው ከልለው፣ ከምድጃው ጭስ ርቀው ሲቀመጡ ነው። ብርሃንና ጭስ የማይችሉት ስላረጁ አልነበረም፤ የሽፋሽፍታቸው ፀጉር ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌናቸውን ሌት ተቀን ይፍቀው ስለነበር ነው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ባለበት አስቀምጬ፣ ራሳቸውን ጭኔ ላይ አስደግፌ፣ ያንን ፀጉር አንድ በአንድ በወረንጦ እነቅልላቸው ነበር። ተነቅሎ እንደገና የሚወጣው ፀጉር አጭርና ሻካራ ስለሚሆን ከፊተኛው ይልቅ ይወጋል፤ እርሳቸው ግን ለእኔ ብለው ዝም ይሉ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ በጤና ጣቢያ የዓይናቸው ቆብ በቀዶ ሕክምና ሲስተካከል ሕመሙ ቀረላቸው፤ የጠፋው የቀኝ ዓይናቸው ብርሃን ግን አልተመለሰም።

ይህ በሽታ ትራኮማ ነው፤ ብዙ ሰው የእርጅና ነገር ቢመስለውም የሚዘራው በልጅነት ነው። ጀርሙ ከአንዱ ልጅ የዓይንና የአፍንጫ ፈሳሽ ወደ ሌላው በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይጓዛል፤ ልጁ በተደጋጋሚ ሲያዝ የቆቡ ውስጠኛ ገጽ ይጠባሳል፤ ጠባሳውም ከዓመታት በኋላ እየተኮማተረ ፀጉሩን ወደ ብሌን ይስበዋል። ሴቶች ከወንዶች ይልቅ የሚጎዱትም ቀኑን ሙሉ ከሕፃናት ጋር የምንውለው እኛ ስለሆንን ነው። በክልላችን ለብዙ ዓመታት ለሕዝቡ የታደለው ዚትሮማክስ የሚባለው መድኃኒት ጀርሙን ይገድላል፤ ነገር ግን ፊቱ ሳይታጠብ የሚውል ልጅ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ሊያዝ ይችላል። የዓለም የጤና ድርጅት ከቀዶ ሕክምናውና ከመድኃኒቱ ጋር የፊትንና የአካባቢን ንጽሕና አብሮ ያዘዘው ስለዚህ ነው።

አሁን የራሴን ልናዘዝልሽ። የእናቴን ሽፋሽፍት በወረንጦ የምነቅል እኔው፣ የአንቺንና የሁለቱን ወንድሞችሽን ፊት በአንዱ ነጠላዬ ጫፍ በየተራ እየጠረግሁ፣ በመጨረሻም የራሴን ላብ በእርሱ አደርቅ ነበር። አላውቅም ነበር ብዬ ማመካኘት አልችልም፤ አስተማሪ ነበርሁ፣ ለሌላ ሰው ልጆች ስለ ንጽሕና አስተምር ነበር። የታላቅ ወንድምሽ ዓይን በየጊዜው ሲቀላ «ምች ነው» እያልሁ አሳለፍሁት። እግዚአብሔር ጠበቀው እንጂ ጥፋቱ የእኔ ይሆን ነበር። እጅሽን የያዝሁት ይህንን ስላየሁ ነው፤ በሰው ፊት ስላደረግሁት ግን ይቅርታ አድርጊልኝ።

ስለዚህ ልጆቹ ጠዋት ሲነሡ፣ ከሰዓት በኋላ ከጨዋታ ሲመለሱ፣ ደግሞም ዓይናቸው ወይም አፍንጫቸው ፈሳሽ ባወጣ ቁጥር ፊታቸው በውኃ ይታጠብ፤ በሳሙናም ሲሆን መልካም ነው። እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ፎጣ ይኑራቸው። ፎጣው ካልተገኘ ውኃው በነፋስ ይድረቅ እንጂ በሰው ልብስ አይጠረግ።

ስለ እጅ ብዙ የምለው አለኝ፤ ምክንያቱም በአገራችን እጅ ሳይታጠቡ ማዕድ መቅረብ ነውር ነው፣ ሆኖም አስተጣጠባችን ብዙ ጊዜ ጎደሎ ነው። ልጁ ማስታጠቢያውን ይዞ ይዞራል፣ እንግዳው የቀኝ እጁን ጣቶች ብቻ ያርሳል፣ ውኃው ፈሰሰ ተብሎ ይበቃል። ልጅ የሚማረው የምናደርገውን እንጂ የምንለውን አይደለምና፣ ልጅሽ ጣቱን ነክሮ «ታጠብሁ» ሲልሽ ከእኛ ያየውን ነው የሚያደርገው። ጀርም ከቆዳችን ቅባትና እድፍ ጋር ተጣብቆ ስለሚቀመጥ ውኃ ብቻውን በቀላሉ አያነሣውም፤ ሳሙና ግን ቅባቱን አስለቅቆ ከውኃው ጋር ይዞት ይሄዳል። ሁለቱ እጆች፣ የጣቶቹ መካከልና ጥፍሩ ሥር ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ይታሹ። ለትንሹ ስለ ሰከንድ ማውራት ከንቱ ነው፤ እስከ ሃያ ቀስ ብላችሁ አብራችሁ ቁጠሩ፣ ቁጥሩንም በዚያው ይማራል። ትልቋን ደግሞ እንግዳ ሲመጣ ሳሙናውን እንድታቀርብ ሹሚያት። ለሰው ሳሙና የምታቀርብ ልጅ ራሷ ሳትታጠብ መቅረብ ታፍራለች፤ ይህን በብዙ ልጆች አይቻለሁ።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምንሻለሁ፦ አትጩኺባቸው፣ «አንተ ቆሻሻ» የሚል ቃልም ከአፍሽ አይውጣ። ማስተማር በጀመርሁባቸው ዓመታት ሰኞ ሰኞ የተማሪዎቼን ጥፍር እያየሁ፣ ያደገበትን በማስመሪያ ጣቱን እመታው ነበር። ያተረፍሁት ልጆቹ እጃቸውን ከጀርባቸው መደበቅ መልመዳቸውን ነው፤ አንዳንዶቹም ሰኞ ከትምህርት ቤት መቅረት ጀመሩ። በኋላ ከክፍሉ በር ላይ ቀዳዳ ያለው ጀሪካን ሰቅዬ፣ ሳሙናና የጥፍር መቁረጫ አስቀምጬ፣ እኔ ራሴ በፊታቸው መታጠብ ስጀምር ያለ ዱላ ተለመደ። የልጅን ልማድ የሚሠራው ውኃውና ሳሙናው እጁ በሚደርስበት ቁመት መገኘቱ ነው። በቤታችሁ ያለው ቧንቧ ለአዋቂ የተሠራ ነውና ከሥሩ የሚቆሙበት ጠንካራ ዱካ አኑሪ።

መጸዳጃ ቤት ለብቻቸው ሲገቡ የሚፈሩት ጨለማውንና ጉድጓዱን ስለሆነ እስኪለምዱ አብረሻቸው ቁሚ። ልጅቱን ከፊት ወደ ኋላ እንድትጠርግ አሁኑኑ አስተምሪያት፤ ወደ ፊት ሲጠረግ ከሰገራ የሚመጣው ጀርም ወደ ሽንት መተላለፊያ ይደርሳልና። ከዚያም እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ይህ ለድርድር አይቅረብ። ጥርሳቸውን በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለትልቋ የአተር ፍሬ በሚያህል የጥርስ ሳሙና፣ አንቺው እያገዝሽ ይቦርሹ፤ ብቻቸውን በደንብ የሚችሉት ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ነው።

እግርን ግን አትርሺ። እኛ ጎጃሞች ከመንገድ የመጣን እንግዳ እግር አጥበን ጉልበት የምንስም ሕዝብ ሆነን ሳለን፣ በቀዩ አፈራችን ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄዱ ስንቶች በዝሆኔ እግራቸው አብጦ ይኖራሉ። ሰው ርግማን ወይም ተላላፊ እየመሰለው ይሸሻቸዋል፤ ከሰው ወደ ሰው ግን አይተላለፍም፤ እግርን በየዕለቱ በሳሙና ታጥቦ ጫማ ማድረግ ይከላከለዋል። ልጆቹ ወደ እኔ ሲመጡ ከተሜ ናቸውና በባዶ እግር መሮጥ ያምራቸዋል፤ ጫማቸውን አላስወልቅም፣ ማታም እግራቸውን እኔው አጥባለሁ፣ ደስታዬም ነው።

በመልእክተኛው እጅ አራት ትናንሽ ፎጣዎች ልኬልሻለሁ። ጥጡን እኔ ፈትዬው፣ ሠፈራችን ያለው ሸማኔ የሠራው ነው። አረንጓዴ ጥለት ያለባቸው ሁለቱ የትልቋ፣ ቀዮቹ የትንሹ ናቸው፤ አንዱ ሲታጠብ አንዱ እንዲተካ በማለት ነው። ሳይነካኩ ለየብቻ ሰቅለሽ በፀሐይ አድርቂያቸው። ለክረምት ዕረፍት ስትልኪያቸው ፎጣቸውን ይዘው ይምጡ፤ አባትሽ በእነርሱ ቁመት ልክ ሁለት ምስማር ከበሩ አጠገብ መትቶላቸዋል።

እናትሽ፣ ከደምበጫ