ኩሬው ተቆጥሯል፤ ዓሣውስ?

ለ፦ ግብርና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በከተማ ዳርቻ ስላሉ የዓሣ ኩሬዎች

እንደምን ሰነበታችሁ?

የምጽፍላችሁ ከሰበታ ዳርቻ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ባለሙያዎች ጓሮዬ መጥተው ኩሬ አስቆፈሩኝ፤ ሸራ ተነጠፈ፤ ውሃ ተሞላ፤ ፎቶ ተነሣን። የዓሣ ጫጩቶቹ የደረሱት ከአራት ወር በኋላ ነው፤ ያውም ጥቅምት ላይ፣ ብርዱ ሲጀምር። ከረጢቱን ውሃው ላይ አቆይቶ ሙቀቱን ማላመድ እንደሚያስፈልግ የነገረን አልነበረም፤ እንደመጡ ደፋናቸው። በማግስቱ ግማሾቹን ሞተው ተንሳፍፈው አገኘኋቸው። የተረፉት ቆሮሶዎች (ቲላፒያ የሚባሉት ዓሣዎች) ዓመት ሞልቷቸውም ከመዳፌ አልበለጡም። በሪፖርት ላይ ግን የእኔ ኩሬ እስከ ዛሬ «ምርት ላይ» ነው አሉ።

መጀመሪያ ጥፋቱ የእኔ መስሎኝ ነበር። በኋላ ጠያይቄ እንደተረዳሁት ቆሮሶ የሙቅ ውሃ ዓሣ ነው፤ የሚመቸው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ያለ ውሃ ነው፤ ከ20 በታች ሲወርድ መብላት ይቀንሳል፣ ዕድገቱም ይጎተታል። ቆሮሶ የሚጠመድበት የዝዋይ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እኛ ደግሞ ከ2,000 በላይ። የቆላ ማሽላ ደጋ ላይ ዘርቶ እሸት እንደመጠበቅ ነው የሆነብን። በዚያ ላይ ቆሮሶ ገና ትንሽ ሳለ ይራባል፤ ኩሬው በልጆቹ ይሞላና ሁሉም ቀጭጮ ይቀራል። ወንዶቹን ብቻ ለይቶ ማርባት ወይም ጫጩቱን የሚለቅም ጥቂት አምባዛ መቀላቀል ይቻላል፤ ለብርዱ ደግሞ ካርፕ የሚባለው ዓሣ ይሻላል። ይህን ጠንቅቀው የሚያውቁ የዓሣ ተመራማሪዎች እዚሁ ሰበታ ማዕከል አላቸው፤ ከቤቴ በባጃጅ ይደረሳል። ዕውቀቱ ግን ያቺን መንገድ አቋርጦ እኔ ጓሮ አልደረሰም።

የመኖው ነገር ሌላ ራስ ምታት ነው። ፉርሽካ ብቻውን አያሳድግም፤ ፋጉሎውን ደግሞ ላም የሚያልቡት ጎረቤቶቼ ይሻሙታል። ልፈርድባቸው አልችልም፤ እኔም ወተት እገዛቸዋለሁ።

አዲስ አበባ ዓሣ ትዝ የሚላት በዓቢይ ጾም ነው (ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች ልተወው)። ያን ሰሞን ዋጋው ሰማይ ይነካል። ዝዋይ ሐይቅ ዳር ባቱ ከተማ ያለ አጥማጅ ዘመዴ ግን ለውጡን አያየውም፤ መረቡን በዱቤ የሰጠው ነጋዴ ነው፣ በረዶውም የነጋዴው ነው፣ ስለዚህ ዋጋ የሚቆርጠውም ነጋዴው ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። በ2008 ዓ.ም. ዓሣ ከእንስሳት ጋር ተጋርቶ የራሱ ሚኒስቴር እስከመሰየም ደርሶ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ እናንተ ጋ ገባ። ዘመዴ የትኛውም አልደረሰውም።

አንድ ነገር ልጨምር። እነዚያን መዳፍ የማይሞሉ ዓሣዎች ገበያ የሚገዛን ስላላገኘን ባለቤቴ አድርቃ ጠበሰቻቸው። የልጅ ልጄ ከነአጥንታቸው ቆረጣጠማቸው። በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ በሰቆጣ ቃል ኪዳንም ይህን በ2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ተማምለናል። የኩሬ ሪፖርት ላይ ግን «ስንት ልጅ በላ?» የሚል ሣጥን አላየሁም። «ስንት ኪሎ ተመረተ?» የሚለው እንኳ የለም፤ የተቆፈረው ጉድጓድ ብዛት ብቻ ነው ያለው።

ስለዚህ ሪፖርቱ በኪሎ ይሁንልን። ጫጩት በብርድ አይምጣብን፤ ሲመጣም የሚያላምደው ሰው አብሮ ይምጣ። ለባቱ አጥማጆች ደግሞ በማኅበራቸው የሚተዳደር የበረዶ ቤት ቢኖር፣ ዘመዴ ቢያንስ አንድ ሌሊት አሳድሮ ዋጋ መጠየቅ ይችላል።

የእኔ ኩሬ አሁን ደርቋል፤ ሸራውን የጎረቤት ጥጃ ረግጦ ቀዶታል። ጠግኜ መጋቢት ላይ ውሃ ልሞላው አስቤያለሁ። የካርፕ ጫጩት ከየት፣ በስንት ብርና በየትኛው ቀን እንደማገኝ በጽሑፍ እንድታሳውቁኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የአንድ ኩሬ ባለቤት፣ ከሰበታ ዳርቻ