ውሃ ላጠጣችሁልኝ በሙሉ

ሰላም ወዳጆቼ። ወደ ሥራ ከተመለስኩ ሁለተኛ ሳምንቴ ነው። ብዙዎቻችሁ «የት ጠፋሽ?» ስትሉኝ ከረማችሁ፣ እኔም «ትንሽ አሞኝ ነው» እያልኩ ሳልፍ ነበር። ትንሽ አልነበረም። ድባቴ ነበር፣ ዲፕሬሽን የምንለው። ስምንት ወር ገደማ መጋረጃ ሳልከፍት ኖሬያለሁ። ሲነጋ ይጨንቀኛል፣ ሲመሽ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል፣ ፀጉሬን ማበጠር ራሱ ዳገት ሆኖብኝ ነበር።

አሁን ደህና ነኝ። ስለዚህ ላመስግን።

ሐኪሜን ላስቀድም። መድኃኒቱን ካዘዘልኝ በኋላ «ደስ እስኪልሽ አትጠብቂ፤ መጀመሪያ አንድ ነገር ሥሪ፣ ስሜቱ ይከተላል» አለኝ። እውነቱን ለመናገር በሰዓቱ ተናድጃለሁ። ከአልጋ መነሳት ላቃተው ሰው ሥሪ ይባላል? ኋላ ሲያስረዳኝ ግን የታወቀ የሕክምና ዘዴ ነው። ድባቴ ከሥራ ያስቀርሻል፣ ቁጭ ማለቱ ደግሞ ድባቴውን ያባብሰዋል፣ ስለዚህ አዙሪቱን ከአንድ ቦታ መስበር ያስፈልጋል፤ በሆነች ትንሽ ነገር። ትንሽ ሲል ደግሞ የምር ትንሽ ነው፤ አንድ ብርጭቆ ውሃ እንደመቅዳት።

እህቴ ምክር አላመጣችም፣ ተባረኪ። አፈር የሞላበት ጣሳና በሶፍት የተጠቀለለ አምስት የቲማቲም ዘር ነው ይዛ የመጣችው። «እኔ ጊዜ የለኝም፣ አንቺ ዝሪው» ብላ መስኮቱ ሥር አስቀምጣው ሄደች።

በሰባተኛው ቀን አንዷ ብቅ አለች። ቀጥ ብላ አይደለም የወጣችው። አንገቷን እንደ መንጠቆ ቀልሳ፣ በጀርባዋ አፈሩን እየገፋች ነው፣ የዘሩም ቅርፊት አናቷ ላይ እንደ ቆብ ተጣብቆ ቀርቷል። ቁጭ ብዬ አየኋት። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ ስነሳ እግሬ ደንዝዞ ነበር፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ ደግሞ ስለ ራሴ አንድም ነገር አላሰብኩም። ያልታመመ ሰው ይሄ ምኑ ይደንቃል ይል ይሆናል። ለኔ ግን ሕመሙ ቀን ከሌት ራሴን ማኘክ ነበር።

መጋረጃውንም የከፈትኩት ለሷ ብዬ ነው። ብርሃን ካላገኘች ቀጥና ትወድቃለች አሉኝ። እግረ መንገዴን እኔም የጠዋት ብርሃን አገኘሁ፣ እንቅልፌም ቀስ በቀስ ሰዓቱን ያዘ።

ጎረቤቴ እማማ፣ እርስዎ ይሄን እንደማያዩት አውቃለሁ፣ ልጅዎ ያንብብልዎት። ጣሳው ሲጠባት ከጓሮዎ አንድ መደብ ከፍለው ሰጡኝ። አንድም ቀን «ምን ሆነሽ ነው?» አላሉኝም። «ጠንከር በይ» ደግሞ ጭራሽ አላሉኝም፣ ይሄን ያለኝ ሰው ብዛቱ! «ነይ አረም እንንቀል» ብቻ ነበር ቃልዎ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቁጢጥ ብሎ አፈር ሲነካካ ወሬው ራሱ ይመጣል፤ ዓይን ለዓይን መተያየት የለም፣ ዝም ቢባልም አይከብድም። ለማንም ያልነገርኩትን ለእርስዎ የነገርኩዎት የተጨናነቀውን ካሮት እየነቀልን ስናሳሳ ነው። ትዝ ይልዎታል? ሰምተው ሲያበቁ «እነዚህን አትንቀያቸው፣ እነሱ ደህና ናቸው» አሉኝ። ስለ ካሮቱ ይሁን ስለ ሌላ እስከዛሬ አልገባኝም።

ወንድሜም አለ። «አፈር መጫር መድኃኒት ሆነ እንዴ?» ብሎ ሲያሾፍብኝ ከርሞ፣ ኋላ ራሱ ጥናት እየፈለገ ይልክልኝ ጀመር። አንዱ የተመራማሪው የሮጀር ኡልሪች ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመ። የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ሰዎች ውስጥ በመስኮታቸው ዛፍ የሚያዩት፣ የጡብ ግድግዳ ብቻ ከሚታያቸው ቀድመው ከሆስፒታል ወጥተዋል፤ የወሰዱት ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ነበር። ሌላው እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት ነው። 30 አትክልተኞችን አስጨናቂ ሥራ አሠሯቸው፣ ከዚያ ግማሾቹን ለ30 ደቂቃ አትክልት ቦታ፣ ግማሾቹን ቤት ውስጥ ንባብ። ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን በሁለቱም ወረደ፤ አትክልት ቦታ በነበሩት ግን ይበልጥ። 30 ሰው ጥቂት ነው፣ ሰዎቹም ድሮውንም አትክልት ወዳድ ናቸው፣ ስለዚህ ብዙ አናጋንነው። ወንድሜ ግን ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ አካፋ ይዞ መጣ። እኔ የምፈልገውም እሱን ነበር።

ሰው እንዳይሳሳትብኝ ደግሞ፣ መድኃኒቴን አላቋረጥኩም፣ ቀጠሮዬንም አልቀረሁም። የታመመ ሰው ስታገኙ «አትክልት ትከልና ይለቅሃል» ብላችሁ እንዳትሸኙት፣ አደራ።

መሃል ላይ እንደገና ወድቄያለሁ። አሥር ቀን ሙሉ ከቤት አልወጣሁም። በተኛሁበት የማስበው ቲማቲሞቹ ደርቀው፣ እነሱንም ገደልኳቸው እያልኩ ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን እንደምንም ወጣሁ። አፈሩ እርጥብ ነው። ቅጠሉ ለምልሟል። ቅርንጫፉ በጨርቅ ቁራጭ ከእንጨት ጋር ታስሯል። ነካ ሳደርገው ያ የቲማቲም ቅጠል ሽታ ጣቴ ላይ ቀረ፣ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ለወራት ማልቀስ እንኳ አቅቶኝ ነበር።

ማን እንዳጠጣ የነገረኝ የለም። ኋላ ነው የደረስኩበት፣ ለካ ተራ ገብታችሁ ነበር። እህቴ ጠዋት፣ ወንድሜ ቅዳሜ፣ በቀረው ጊዜ ደግሞ የእማማ የልጅ ልጅ፣ የላስቲክ ጠርሙስ ክዳን በሚስማር በሳስቶ።

ጠርሙሱ አሁንም መደቡ ጥግ ላይ አለ። በቀደም ልጁን አመሰግናለሁ ብዬ ሳቅፈው አንገቱን ደፋ አደረገና፣ «አንዷን ግን ውሃ አብዝቼ ገድያታለሁ፣ አያቴ አትንገር ብላኝ ነው» አለኝ።