ስለ ድመት ልጆች አሰጣጣችን ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

በዚህ ክረምት የድመት ልጅ ልትወስዱ መጥታችሁ ባዶ እጃችሁን የተመለሳችሁ አላችሁ። አንዳንዶቻችሁም ተቆጥታችሁ ሄዳችኋል። ስለተጉላላችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔያችን ግን ይጸናል፤ ምክንያቱን ስሙን።

ከእንግዲህ ሦስት ወር ያልሞላት ወይም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያልተከተበች ድመት ከድመት ማቆያችን አትወጣም። ስትወጣም የክትባቷንና የትል መድኃኒቷን ዋጋ በደረሰኝ እንቀበላለን።

«ድመት መሸጥ ጀመሩ» የሚለው ወሬ ጆሯችን ገብቷል። በጣም ነው ያዘንነው። ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ይህችን የእንስሳት መድኃኒት ቤት ስከፍት ሐሳቤ በሬና በግ ነበር። ድመቶቹን ያመጣልኝ የከተማው ሰው ነው። ጠዋት ሱቁን ልከፍት ስመጣ ደጁ ላይ ካርቶን ተቀምጦ አገኛለሁ፤ ውስጡ ዓይናቸውን እንኳ ያልገለጡ ልጆች። ጥያቸው ልግባ? የጓሮውን መጋዘን ጠርጌ ማቆያ አደረግኩት። ለዓመታት በነጻ ሰጠን። ማራኪ ሂዱ፣ አዘዞ ሂዱ፣ ከእኛ የወጣች ድመት ያለችበት ቤት አታጡም። ይህን የሚያውቅ ሰው «ነጋዴ» ሲለን ያማል።

ትንሽ ድመት ቶሎ ትለምዳለች የምትሉ አላችሁ። የድመት ልጅ ግን ቢያንስ ስምንት ሳምንት ከእናቷ ጋር መቆየት አለባት። ንክሻዋን መመጠን የምትማረው ከወንድምና እህቶቿ ጋር ስትታገል ነው። ያለጊዜዋ የተነጠለች ድመት ለጨዋታ ብላ የልጅ እጅ ታደማለች።

ምግቡም አለ። በቅርቡ አንድ ቤተሰብ ከመንገድ ያነሳትን ይዞልን መጣ። ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፤ ጭራዋ ሥር ያለው ፀጉር በተቅማጥ ተጣብቋል። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ስለራባት የላም ወተት አጠጧት። የላም ወተት ለድመት ልጅ ሆድ አይስማማም። መርፌው በተነቀለ ሲሪንጅ አፏ ውስጥ ፈሳሽ ጠብ ጠብ እያደረግን አደርን። አልተረፈችም።

ክትባቱን በተመለከተ፣ ጎንደር መንገድ ላይ ስንት ባለቤት የሌለው ውሻ እንዳለ እናንተው ታያላችሁ። ድመት ደግሞ ማታ ትወጣለች፣ ትነከሳለች፣ ተመልሳ ከልጆቻችሁ ጋር ትተኛለች። የዚህ በሽታ ምልክት አንዴ ከታየ ለሰውም ለእንስሳም መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ክትባቱ በአብዛኛው የሚሰጠው ከሦስት ወር ጀምሮ ነው። ለዚህ ነው «ትንሽ ጠብቁ» የምንላችሁ።

ወጪው ከብዶናል። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ መድኃኒት ዋጋው አልቀመስ ብሏል። የድመቶቹ ቀለብ ከሥጋ ቤት የምንለቅመው ሳንባና ጨጓራ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ 55 ቀን ሙሉ አብዛኞቹ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ። ያን ጊዜ የጎርጎራ ዓሣ ጭንቅላት እንፈልጋለን፤ መንገድ ሲዘጋ እሱም ይጠፋል። ከመድኃኒት ቤቱ ትርፍ እየቆረስን እዚህ ደርሰናል። አሁን ግን ትርፉም ሳስቷል። የምንጠይቃችሁ ዋጋ የቀለቡን ወጪ አይነካም፤ እሱን አሁንም እኛው እንችላለን።

እህል ነጋዴ ደንበኞቻችን፣ ለእናንተ አንድ ልመና አለን። መጋዘናችሁ ውስጥ የአይጥ መርዝ ከበተናችሁ ድመት አትውሰዱ። መርዙን የበላች አይጥ ድመቷንም ልትገድል ትችላለች።

ከአሁኖቹ መካከል በመስከረም ሦስት ወር የሚሞላቸው አሉ። የምትፈልጉ ሱቅ መጥታችሁ ስማችሁን አስመዝግቡ፤ በተራ እንሰጣለን። ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ኑ፣ እስከዚያው ይተዋወቋቸው። ሥጋ ቤት ያላችሁ ደግሞ እባካችሁ ሳንባውን አትጣሉብን፤ ማታ ማታ ልጅ ልከን እናስወስዳለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የመድኃኒት ቤቱና የማቆያው ባለቤት
ጎንደር