የእግር ጉዞ ክበብ ተማሪዎችን በቤት መኪና ማድረስንና መውሰድን ይመለከታል

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታችንን እያቀረብን፣ የመንፈቀ ዓመቱ የፈተና ውጤት በክፍል ኃላፊ መምህራን በኩል እንደሚሰጥና የቤተ መጻሕፍቱ እድሳት መጠናቀቁን እናሳውቃለን። ይህን ደብዳቤ እንድንጽፍ ያስገደደን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የተራራና የጫካ እግር ጉዞ ክበባችን ተማሪዎች በሕዝብ አውቶቡስ ሄደው በሕዝብ አውቶቡስ እንዲመለሱ የሚደነግገው መመሪያ በተደጋጋሚ እየተጣሰ ነው። አንዳንድ ወላጆች ልጆቻቸውን በቤት መኪና እስከ ተራራው ግርጌ ያደርሳሉ፤ ሌሎች ደግሞ የእግር መንገዱ አስፋልቱን በሚያቋርጥበት ቦታ ጠብቀው፣ ለመምህሩ ሳያሳውቁ ይዘዋቸው ይሄዳሉ። በስብሰባ ተናግረናል፣ በመገናኛ ደብተር ጽፈናል፤ ሰሚ ስላላገኘን ምክንያታችንን በዝርዝር እናስረዳለን።

ባለፈው ጉዞ የሆነውን ሁላችሁም ልታውቁት ይገባል። ተማሪዎቹ ከጫካው ወጥተው ፌርማታው ላይ ሲቆጠሩ አንድ ልጅ ጎደለ። ከፊት የነበሩት ከኋላ መስሏቸው ነበር፤ ከኋላ የነበሩትም ከፊት። ሁለት መምህራን የወረዱትን ቁልቁለት ባትሪ ይዘው መልሰው ወጡት፤ ጫካ ውስጥ ከሜዳው ቀድሞ ስለሚጨልም፣ በየመታጠፊያው እየቆሙ፣ በደቂቃ 6 ጊዜ ተነፍቶ ከአንድ ደቂቃ ፋታ በኋላ የሚደገመው የድረሱልኝ ፊሽካ ይሰማ እንደሆነ ያዳምጡ ነበር። ልጁ በዚያ ሰዓት ቤቱ ገብቶ ልብሱን ቀይሯል። ወላጁ በክፋት አላደረጉትም፤ ደመናውን አይተው ልጃቸው ዝናብ እንዳይመታው ሳስተው ነው። ሆኖም አንድ ቃል ባለመናገራቸው ሁለት ሰዎች በጨለማ ገደል ዳር ሲመላለሱ አምሽተዋል፤ የመጨረሻው አውቶቡስም አምልጧቸዋል። ይህ እንዲደገም አንፈቅድም።

«ልጄን በራሴ መኪና ባደርስ ማንን እጎዳለሁ?» የምትሉ እንደምትኖሩ እናውቃለን። መኪና ያቆመ ሰው ወዳቆመበት ቦታ የመመለስ ግዴታ አለበት፤ በአውቶቡስ የመጣ ግን በአንዱ በኩል ወጥቶ በሌላው በኩል ይወርዳል፣ ከጀመረበት ፌርማታ ርቆ ሌላ መስመር ላይ ይሳፈራል። መምህራኖቻችን ጉዞዎቹን የሚነድፉት በዚህ መንገድ ነው፤ ሸንተረሩን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ የሚቻለውም በዚህ መንገድ ብቻ ነው። ገሚሱ ተማሪ መኪናው ወደቆመበት ልመለስ ሲል ቡድኑ ለሁለት ይከፈላል፤ ለሁለት የተከፈለ ቡድን ደግሞ ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ መምህር ይኑረው ቢባል መምህር አይበቃውም። በዚህ ላይ መንገድ ዳር የሚደረደሩት መኪኖች የመጨረሻው ፌርማታ ላይ አውቶቡሱ የሚዞርበትን ቦታ ስለሚዘጉ፣ ሹፌሩ በጠባብ መንገድ ወደ ኋላ ለመንዳት ሲገደድ አይተናል። ያ አውቶቡስ የእኛ ብቻ አይደለም፤ የአካባቢው ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ነው።

«አውቶቡስ ጊዜ ይፈጃል» የሚል አስተያየትም ይደርሰናል። ይፈጃል፣ አንክድም። ነገር ግን ጉዞው ሁሉ የሚሰላው ከአውቶቡሱ ሰዓት ተነስቶ ወደ ኋላ እየተቆጠረ ነው። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊሊያም ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያስቀመጠው ስሌት ዛሬም ይሠራል፤ ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት ደግሞ ተጨማሪ 1 ሰዓት። 10 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 600 ሜትር አቀበት ያለው መንገድ በዚህ ስሌት 3 ሰዓት ይወስዳል። ስሌቱ ለበረታ ጎልማሳ የተሠራ ስለሆነ ለልጆች ግማሹን ጨምረን 4 ሰዓት ተኩል እናደርገዋለን፤ ለምሳና ለእረፍት 1 ሰዓት፣ ለመጠባበቂያ ሌላ 1 ሰዓት ሲታከልበት 6 ሰዓት ተኩል ይሆናል። የምንሳፈረው ከቀኑ 10 ሰዓት በሚያልፈው አውቶቡስ ከሆነ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል በኋላ ማንም ቆሞ ሊጠበቅ አይችልም። ልጁን በመኪና 4 ሰዓት ላይ የሚያደርስ ወላጅ የጠዋት እንቅልፍ ጨመርኩለት ብሎ ያስብ ይሆናል፤ የወሰደው ግን የሁሉንም ልጆች የመጠባበቂያ ጊዜ እኩሌታ ነው።

አውቶቡሱ ቢያመልጣቸውስ የሚል ስጋት ካለ፣ ክበቡ የሚያቅደው ምንጊዜም ከመጨረሻው በፊት ባለው አውቶቡስ ለመመለስ እንደሆነ ይታወቅ። የመጨረሻው የመጠባበቂያ ነው። ለምን አውቶቡስ አትከራዩም ለሚሉን ደግሞ፣ የሚጠብቅ መኪና ያለው ሰው ሰዓቱን መጠበቅ ስለሚተው ነው እንላለን። ልጆቻችሁ ከዚህ ትምህርት ቤት ከወጡ በኋላ የሰዓት ሰሌዳ አንብበው፣ ካርታ አይተው፣ የማንንም መኪና ሳይለምኑ ተራራ መውጣት እንዲችሉ አጥብቀን እንፈልጋለን። ክበቡ የተቋቋመበት ዓላማ ይኸው ነው፤ ከዚህም አንመለስም።

«ዝናብ ቢመጣስ?» ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። ሆኖም ግርጌ ላይ የቆመ መኪና ጫፍ ላይ ያለን ልጅ አያሞቅም። አየሩ በየ1,000 ሜትር ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚቀዘቅዝ፣ መነሻው ላይ በቲሸርት የሚውል ልጅ ላይ ሲደርስ ይንቀጠቀጣል። የጥጥ ልብስ ሲረጥብ ውሃ ይዞ ስለሚቀር ሰውነትን ያቀዘቅዛል፤ የውስጥ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በታች የወረደ ሰው ደግሞ በሕይወቱ ላይ አደጋ አንዣቧል ማለት ነው። ስለዚህ ልጃችሁን ከዝናብ ማዳን የምትፈልጉ፣ የሱፍ ሹራብ፣ ዝናብ የማያስገባ ጃኬትና በፕላስቲክ የተጠቀለለ ቅያሪ ካልሲ በቦርሳው ውስጥ አድርጉለት። ነጎድጓድ ከተሰማ መምህራኑ ከሸንተረሩ ያስወርዷቸዋል፤ ጫፉ ቢቀር ይቀራል። ለብቻው በቆመ ዛፍ ሥር መጠለል ክልክል እንደሆነም ተማሪዎቹ ተምረዋል፣ እናንተም ቤት ውስጥ ብታስታውሷቸው ደስ ይለናል።

ልጃቸውን መኪና የሚያጥወለውለው ወላጆችም አሉ። ጠመዝማዛው የተራራ መንገድ በቤት መኪናም ያው ጠመዝማዛ ነው። ለመምህሩ አስቀድመው ይንገሩ፤ ልጁ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ወደ ፊት አርቆ እያየ ይሄዳል፤ ስልክ ማየት ግን አይፈቀድለትም። ከማያውቁት ተሳፋሪ ጋር መቀላቀላቸው ለሚያሳስባችሁ፣ በእያንዳንዱ በር አጠገብ መምህር ይቀመጣል፤ ሲሳፈሩም ሲወርዱም ይቆጠራሉ። የትምህርት ቤቱ ክፍያ የተሻለ መጓጓዣ ሊያስገኝልን ይገባል ለምትሉም፣ ክፍያው ለመምህራን፣ ለካርታና ለመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን እንደሚውል ደጋግመን ገልጸናል፤ አሁንም እንገልጻለን።

በመሆኑም ከሚቀጥለው ጉዞ ጀምሮ በቤት መኪና እስከ ተራራው ግርጌ የሚደርስ ተማሪ ከቡድኑ ጋር አይጓዝም። በመሐል ልጁን መውሰድ ግድ የሆነበት ወላጅ ለመሪ መምህሩ ደውሎ ማሳወቅ፣ መምህሩ ባለበትም ፈርሞ መረከብ አለበት። ይህን ሳያደርግ የሚወስድ ወላጅ ልጁ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከክበቡ እንደሚታገድ ይወቅ። ቅጣቱ ለልጁ እንደሚከብድ እናውቃለን፤ የጎደለን ልጅ በጨለማ መፈለግ ከዚህ ይከብዳል። በጤና ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት አውቶቡስ መሳፈር የማይችል ተማሪ ካለ፣ ወላጅ ቢሮአችን መጥቶ ያነጋግረን፤ ለእነዚህ ልጆች ሌላ መፍትሔ ለመፈለግ በደስታ እንተባበራለን።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የተያያዘውን የስምምነት ቅጽ ፈርማችሁ በክፍል ኃላፊ መምህሩ በኩል እንድትመልሱ በትሕትና እናሳስባለን። ቅጹ ያልተመለሰለት ተማሪ ስም በጉዞው ዝርዝር ውስጥ አይገባም። የመነሻ ቦታው እንደ ቀድሞው በትምህርት ቤቱ በር አጠገብ ያለው ፌርማታ ሲሆን፣ ተማሪዎች አውቶቡሱ ከመድረሱ 15 ደቂቃ አስቀድመው፣ ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አስረው ይገኙ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር