ጥርት ያለው ውሃ፦ የውሃና አፈር ክበብ የዓመቱ ዘገባ

“ቦይ ለቦይ መዞር ምኑ ክበብ ነው?” ለምትሉኝ ባልደረቦቼ ዘንድሮ የማሳያችሁ አለኝ። አባላት መዘገብን፣ ኃላፊዎች መረጥን፣ በየሁለት ሳምንቱ ተሰበሰብን፤ ቃለ ጉባኤው ፋይል ውስጥ ስላለ አላረዝመውም።

ማሳ የወጣንበትን ቀን ግን እንዲሁ አላልፈውም። ከግቢያችን ጀርባ ያለውን የመስኖ እርሻ ታውቁታላችሁ፤ ዳር ዳሩ አመዳይ የወረደበት ይመስል የነጣውን። ተማሪዎቹ ከመስኖ ቦዩና የማሳውን ትርፍ ውሃ ከሚያስወጣው የማንጣፈፊያ ቦይ ውሃ ቀዱ። የመስኖው ድፍርስ፣ የማንጣፈፊያው ኩልል ያለ ነበር። ሁሉም ንጹሑ የማንጣፈፊያው ነው አሉ። የጨው መለኪያውን ስንነክር የመስኖው 0.6፣ ንጹሕ ያሉት 5.2 ዴሲሲመንስ በሜትር አሳየ፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ጨው በዛ ማለት ነው። በዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት መመዘኛ ለመስኖ ከ3 በላይ ከባድ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሰብል ውሃውን ይስባል እንጂ ጨውን አብዛኛውን አፈር ውስጥ ይተወዋል፤ ከሥሩ አልፎ የሚወርደው ውሃ ያንን አጥቦ፣ አንዳንዴም የማዳበሪያ ናይትሬት ጨምሮ ይወጣል።

አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ “መምህር፣ ጨው ካለበት ታዲያ ለምን ጠራ?” አለችኝ። ሳልመልስላት ደወል ተደወለ። በማግስቱ ከማንጣፈፊያው ውሃ አንድ ሊትር በእሳት አትንና መጥበሻው ላይ የቀረውን ነጭ ዱቄት ፋቀች፤ ሦስት ግራም ያህል ሆነ። ድፍርሱን የመስኖ ውሃ በሁለት ጠርሙስ ሞልታ ዱቄቱን አንዱ ውስጥ ብቻ ጨመረች። ያዘዛት የለም። ጠዋት ከሰልፍ በፊት ጠራችኝ። አንዱ እንደ ቡና ደፍርሶ አድሯል፤ በጨዋማው ግን ከኋላ ያለው የመስኮት ፍሬም ይታያል። ጨው ውሃውን የሚያደፈርሰውን ደቃቅ የሸክላ አፈር እርስ በርስ አያይዞ እንደሚያዘቅጥ በዐይኗ አይታ አረጋገጠች። እንባዬን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር።

መለኪያው በትክክል እንዲያነብ የምናስተካክልበት ፈሳሽ አልቆ የሁለት ወር መዝገባችን ባዶ ነው። ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም። የማንጣፈፊያ ውሃ ጨው እንደ መስኖው መጠንና እንደ ዝናቡ ስለሚለዋወጥ የአንድ ቀን ልኬት ብዙ አይናገርም። ጨው ብቻም አይደለም፦ በካሊፎርኒያ ኬስተርሰን በተባለ ቦታ፣ ከመስኖ እርሻ የተንጣፈፈ ውሃ በያዘው፣ ሲበዛ መርዝ በሚሆን ሴሊኒየም በተባለ ንጥረ ነገር የተነሳ በ1983 እ.ኤ.አ. አካላቸው የተዛባ የወፍ ጫጩቶች ተገኝተዋል።

ለመጪው ዓመት የምንጠይቀው የማስተካከያ ፈሳሽ፣ የናይትሬት መመርመሪያና የናሙና ጠርሙስ ነው። ሁለቱ ጠርሙሶች ቤተ ሙከራው መስኮት ላይ ናቸው፤ ወላጆችም መጥታችሁ እዩአቸው።