ስኩዌር ፊቱን ነገሩን፣ ውፍረቱስ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ አንድ አንባቢ ብርድ እንዳይገባ ጣሪያና ግድግዳ ላይ ስለሚረጨው ስፕሬይ ፎም የጻፉትን አየሁት። ለአንድ አቲክ (ከጣሪያው ሥር ላለው ባዶ ቦታ) ሁለት ኮንትራክተር ጠርተው አንዱ 1,200 ስኩዌር ፊት፣ ሌላው 1,570 ገደማ ብሎ ጻፈላቸው። ዋጋውም በዚያው ልክ ተራራቀ። ቤቱ ያው ቤት ነው። እሳቸውም ሁለተኛውን «ዓይን ያወጣ ሌባ» ብለውታል። እኔ እዚህ ሚኒሶታ በዚሁ ሥራ እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ። ሁለቱንም ኮንትራክተሮች አላውቃቸውም። ግን እሳቸው ራሳቸው በጻፉት ልኬት ከሄድን፣ ሌባ የተባለው ሰውዬ ልክ ነው።

ቤቱ 30 በ40 ፊት ነው ብለዋል። ጣሪያው ደግሞ በየ12 ኢንቹ 6 ኢንች ከፍ ይላል። ወለሉን ካባዛን እውነትም 1,200 ነው። ግን እሳቸው የጠየቁት ፎሙ ከጣሪያው ሥር እንዲረጭ ነው፣ ወለሉ ላይ አይደለም። ጣሪያ ተዳፋት ነው፣ ተዳፋት ደግሞ ከሥሩ ካለው ወለል ይረዝማል። ለዚህ ዓይነት ጣሪያ ወለሉን በ1.118 ማባዛት ነው፣ ወደ 1,342 ይመጣል። አላለቀም። በሁለቱ ጫፍ ሦስት ማዕዘን ግድግዳ አለ። ሥሩ 30 ፊት፣ ቁመቱ 7 ፊት ተኩል፣ ሁለቱ አንድ ላይ 225 ስኩዌር ፊት። ድምሩ 1,567። የመጀመሪያው ሰውዬ ወይ አቲኩ ውስጥ ሳይወጣ ከታች ለክቶ ሄዷል፣ ወይ ሥራው መሃል ላይ ሲደርስ «ፎም አለቀብኝ፣ ትንሽ ጨምሩ» ሊል አስቧል።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ከሁለቱ አንዳቸውም ውፍረቱን አልጻፉም! አንባቢውም አልጠየቁም።

ፎም የሚለካው በቦርድ ፉት ነው። አንድ ፊት በአንድ ፊት ቦታ ላይ አንድ ኢንች ውፍረት፣ አንድ ቦርድ ፉት ማለት ነው። ስለዚህ ስኩዌር ፊቱን በኢንቹ ታባዛላችሁ፣ ሌላ ሚስጥር የለውም። 1,567 ስኩዌር ፊት በ3 ኢንች 4,700 ቦርድ ፉት ገደማ ነው። በ7 ኢንች ተኩል ከሆነ ደግሞ 11,750። ያው አቲክ፣ ያው ስኩዌር ፊት፣ የፎሙ መጠን ግን ከእጥፍ በላይ። እና «በስኩዌር ፊት ይህን ያህል ዶላር» ብቻ ብሎ የጻፈ ሰው ምኑን ሸጠላችሁ?

ውፍረቱን የሚወስነው የምትፈልጉት አር ቫልዩ፣ ማለት ሙቀት እንዳያመልጥ የመከላከል አቅሙ ነው። ክሎዝድ ሴል የሚባለው ጠንካራው ፎም በአንድ ኢንች ከ6 እስከ 7 አር ይሰጣል። ኦፕን ሴል፣ ለስላሳው፣ 3.5 ወይም ትንሽ ከፍ ያለ። እንደ እኛ ባለ ብርድ አገር ለአቲክ አር-49 ሲጠየቅ የተለመደ ነው። 49ን በ6.5 ስታካፍሉት 7 ኢንች ተኩል ይመጣል፣ ከላይ የጠራሁት ቁጥር ከዚህ ነው። በኦፕን ሴል ከሆነ ከ13 ኢንች ያልፋል። በዚያ ላይ ኦፕን ሴል እርጥበት ያሳልፋል፣ በእኛ ክረምት ጣሪያ ሥር ብቻውን አይበቃም። ኮንትራክተር የሚጠቀምበት አንድ ጥንድ፣ ማለት ሁለቱ ባለ 55 ጋሎን የፎም በርሜል፣ ክሎዝድ ሴል ሲሆን ነገሮች ሁሉ ከተመቹ 4,000 ቦርድ ፉት አካባቢ ያወጣል። ስለዚህ የእሳቸው አቲክ በአር-49 ሦስት ጥንድ ሊጨርስ ነው። ኮንትራክተሩ ባንድ ጥንድ እጨርሰዋለሁ ካለ ውፍረቱ ስንት እንደሚሆን አካፍላችሁ ድረሱበት።

ደግሞ አንድ ነገር ልናገር፣ ገበያዬን ቢዘጋውም። አቲኩ ውስጥ ሰው የማይኖርበት ከሆነ፣ የሂተር ቱቦም በዚያ ካላለፈ፣ ጣሪያውን ፎም ማስረጨት ምን ያደርግላችኋል? ወለሉ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች በጣሳ በሚሸጠው ፎም ድፈኑና ሴሉሎስ፣ ማለት የተፈጨ ወረቀት፣ አስነፉበት። ያኔ 1,200ው ትክክለኛ ቁጥር ይሆናል፣ ወጪውም በጣም ይቀላል። በነገራችን ላይ አንባቢው ተስፋ ያደረጉበት የ30 በመቶ የፌዴራል ታክስ ክሬዲት እ.ኤ.አ. እስከ 2025 መጨረሻ ለተጠናቀቀ ሥራ ነበር። ያኔም ቢሆን የሚታሰበው በዕቃው ዋጋ ላይ ነው እንጂ በእጅ ዋጋ ላይ አልነበረም።

አሁን ራሳችሁ ለምትሠሩት። ብዙ ወገኖቻችን ቤዝመንት ውስጥ ሪም ጆይስቱን፣ ማለት ኮንክሪቱ አልቆ እንጨቱ የሚጀምርበትን ዙሪያ፣ በኪት፣ ማለት በሲሊንደር ተሞልቶ በካርቶን በሚሸጠው ፎም፣ ራሳቸው ይረጫሉ። ጥሩ ሥራ ነው፣ ብርድ ከሚገባባቸው ዋና ቦታዎች አንዱ ነው። ችግሩ ካርቶኑ ላይ 200 የሚለውን አይተው 200 ስኩዌር ፊት ይመስላቸዋል። 200 ቦርድ ፉት ነው። ያንኑ 30 በ40 ቤት እንውሰድ። ዙሪያው 140 ፊት። ቱ ባይ ቴን እንጨት ከሆነ እውነተኛ ቁመቱ 9 ኢንች ከሩብ ነው፣ ማለት 0.77 ፊት። ስታባዙት 108 ስኩዌር ፊት። ሁለት ኢንች ብትረጩ 216 ቦርድ ፉት። የጆይስቶቹን፣ ማለት ወለሉን የሚሸከሙትን እንጨቶች፣ ጫፍ ልቀንስ አትበሉ፣ ፎሙ ጎንና ጎናቸው ላይ ስለሚወጣ ያው ይካካሳል። ለብክነት 15 በመቶ ጨምሩ፣ ወደ 250 ይጠጋል። ስለዚህ ባለ 200ው ኪት አያዳርስም፣ ትልቁ ባለ 600ው ደግሞ ይተርፋል። የተረፈው ለሚቀጥለው ዓመት ይቀመጥልኛል ብሎ ማሰብ አያዋጣም፣ ኪት ከተከፈተ በኋላ ዕድሜው አጭር ነው። እኔ ብሆን 600ውን ገዝቼ ከጎረቤት ጋር እካፈላለሁ፣ ወይ ሦስት ኢንች አደርገውና የጋራዡን ግድግዳ ሥር ሥሩን እጨምርበታለሁ።

ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ የሚሠራው ሲሊንደሩ ሞቅ ሲል ነው። ጥር ላይ ጋራዥ ውስጥ ያደረ ሲሊንደር ብርድ እንደያዘው ሊጥ ነው፣ አይነሳም። ከ70 ፋራናይት በታች ከሆነ ቤት ውስጥ አሳድሩት። ሂተር ላይ ግን እንዳታስጠጉት፣ ግፊት ያለው ዕቃ ነው። ኖዝሉም፣ ማለት የመርጫው አፍ፣ መርጨት ካቆማችሁ በሰከንዶች ውስጥ ይደርቃል፣ ትርፍ ያዙ። ብዙ ጊዜ «ፎሙ አነሰ» የሚባለው ይኸው ነው፣ ግማሹ ሳይወጣ ይቀራል ወይም ሳይነፋ ይደርቃል። ክሎዝድ ሴል በአንድ ጊዜ ከሁለት ኢንች በላይ አትርጩ፣ በውስጡ ይግላል፣ ሊቃጠልም ይችላል። ሳይቀዘቅዝ ሁለተኛ አትደርቡበት። የኬሚካል ማስክ አድርጉ። የኮቪዱን ጨርቅ ማለቴ አይደለም፣ ለእንፋሎት የተሠራ ካርትሪጅ ያለው ነው። ልጆች ቤት ውስጥ መሆን የለባቸውም።

ኮንትራክተር ለምታሠሩ ደግሞ፣ ኢስቲሜቱ ላይ ሦስት ነገር ሳይጻፍ አትፈርሙ፦ የፎሙ ዓይነት፣ ስኩዌር ፊቱ፣ ኢንቹ። ሥራው እንዳለቀ፣ ድራይዎል ሳይመታ፣ ቀጭን ሽቦ ላይ ኢንቹን ምልክት አድርጋችሁ እዚህም እዚያም ውጉት። በደንብ የሠራ ሰው ቅር አይለውም፣ እኔ ራሴ እየወጋሁ ነው የማሳየው። መሃሉን ብቻ አትዩ። የሚሳሳው ጥጉ ላይና ጣሪያው ከግድግዳው በሚገናኝበት ነው፣ እጅም ዓይንም በማይደርስበት።

ለእናንተም ለአዘጋጆቹ አንድ ጥያቄ አለኝ። በማስታወቂያ ገጻችሁ «ስፕሬይ ፎም በስኩዌር ፊት ከዚህ ጀምሮ» የሚሉ አሉ። ስንት ኢንች እንደሆነ አስጽፏቸው።

ከሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ